ልጄን ከኮምቦልቻ ላመጣ የሄድሁበት

ከኮምቦልቻ ከተመለስሁ ወዲህ ወፍጮ ቤትም ብሄድ፣ ውኃም ብወርድ፣ የዕድራችን ቅሬ ላይም ብቀመጥ ሰው የሚጠይቀኝ ያንኑ ነው። አንዷ መንገዱን ትጠይቃለች፣ አንዷ ሰዓዳን፣ ሌላዋ ደግሞ ያን ብርድ ያለበትን ክፍል። ለአንዷ ግማሹን ነግሬ ሳልጨርስ ወጧ ያርርባትና ትሮጣለች። ሌላዋ መጨረሻው ላይ ትደርስና መጀመሪያውን ንገሪኝ ትላለች። ስለዚህ ከመነሻው እስከ መጨረሻው በጽሑፍ ላድርገው አልሁ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ልጆቼ ሲያጠኑ አጠገባቸው ተቀምጬ ያገኘሁት ነው። ኮምቦልቻን አይታችሁ የማታውቁ፣ ያየሁትን እንዳየሁት ስሙኝ።

የሄድሁት በፍርሃት ነው። ልጄ ሰዓዳ ኮምቦልቻ ልብስ በሚሰፋ ፋብሪካ ውስጥ የኮምፒውተር ሠራተኛ ናት። ገና ዓመት አልሞላትም። በዚያ ሳምንት መጀመሪያ ስልክ ደውላ ከአባቷ ጋር ስታወራ፣ እሑድ ከባድ ሥራ አለብኝ፣ ዱዓ አድርጉልኝ አለች። ለማትሪክ ፈተና እንኳ ዱዓ አድርጉልኝ ብላ የማታውቅ ልጅ ናት። ቀጥሎ ገበያ ስወጣ ኮምቦልቻ ዘመድ ያላት አንዲት ሴት ይዛኝ፣ ከሰዓዳ በፊት እዚያ የነበረው ሰው ይህንኑ ሥራ ሲሠራ የፋብሪካው መዝገብ ድራሹ መጥፋቱን፣ ሰውየውም ፖሊስ ጣቢያ ሲመላለስ ከርሞ ከሥራ መባረሩን ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ የሸመትሁትን ጨው እዚያው ረስቼ ነው የተመለስሁት።

ባለቤቴ ሰይድ ነገሩን ሲሰማ፣ ሂጂና እያት፣ የሚያስፈራ ነገር ከሆነ ይዘሻት ነይ፣ የምትበላው እዚህም አታጣም አለኝ። እኔም ይዣት እመጣለሁ አልሁት። ከቤት ስወጣ ሐሳቤ ይኸው ነበር፤ ልጄን ይዤ መመለስ።

ዓርብ

አንድ ቅል ቅቤ፣ ትንሽ ጭኮ፣ ከላዬ ጋቢዬን ይዤ ወጣሁ። በዚያን ቀን የአንድ ለአምስት ስብሰባ ነበረብን፤ ለቡድን መሪዋ ልጄ ዘንድ መሄዴን ነግሬያት፣ ፊቷን ብታኮሳትርም ሂጂ አለችኝ። ከኛ ቀበሌ እስከ ኩታበር ከተማ ያለውን ቁልቁለት ታውቁታላችሁ። ኩታበር ስደርስ ሚኒባሱ ሊሄድ ነው ሊሄድ ነው እየተባለ፣ ወንበሩ ሞልቶ፣ በወንበሩ መሐል ያለው ቦታም ሞልቶ፣ ሞተሩ ላይም ሰው ተቀምጦ ነው የተነሣነው።

መንገድ ላይ ጎማው ፈነዳ። ሹፌሩ መለዋወጫውን ሲያወጣ እሱም ነፍስ የለውም። ረዳቱ ሌላ መኪና ለምኖ ጎማውን ይዞ ሲሄድ እኛ ዳገቱ ሥር ቀረን። ከመንገዱ በላይ ካለ ቤት አንዲት ሴት ወርዳ ፀሐይ ላይ ምን አስቀመጣችሁ ብላ ሁላችንንም ወደ ጥላው ወሰደችን። ለሰዉ ጠላ ስታድል ሻሼን አየችና እኔን አለፈችኝ። ቅር ሊለኝ ሲል በማሰሮ እርጎ ይዛ መጣች። ዕለቱ ዓርብ ነው፣ እሷ ጿሚ ናት፣ እርጎውን እንኳ አትቀምሰውም፤ ለኔ ብላ ነው የከፈተችው። ስሟን ጠይቄያት ነበር፤ አሁን ጠፋብኝ፤ ፊቷ ግን አልጠፋኝም። አላህ ይስጣት።

ደሴ የደረስነው የጦሳ ተራራ ጉም ሲለብስ ነው። ሰዓዳ እዚያ ስትማር ከመጣሁ ወዲህ መንገዱ ኮብልስቶን ተነጥፎበት ሌላ ሆኗል። ፒያሳ ወርጄ ባጃጅ ያዝሁ። ሰኞ ገበያ ወደሚባለው ሰፈር ውሰደኝ ብዬው ሹፌሩ የት ጋ ነው ሲለኝ፣ በርበሬ የምትሸጠዋ ፋጡማ ቤት አልሁት። እማማ፣ ሰኞ ገበያ በርበሬ የምትሸጥ ፋጡማ አንድ ብቻ መስላዎት ነው ወይ ብሎ ሳቀብኝ። ከአንዷ ፋጡማ ወደ አንዷ ፋጡማ ሲወስደኝ ቆይቶ የኛዋን አገኘን።

ፋጡማ የባለቤቴ የአጎት ልጅ ናት። እግሬን አጥባ፣ እምቢ እያልሁ አልጋዋን ለቃልኝ፣ እሷ ከልጆቿ ጋር መሬት ተኛች። ራት ላይ የመጣሁበትን ነገርኋት።

"ልጅቱ የምትሠራው ኮምፒውተር ነው እንጂ ፈንጂ ነው?" አለችኝ።

የሰውየውን ነገር ነገርኋት። እሷም ሳቋን ትታ፣ እንግዲያማ ሄደሽ በዓይንሽ እይ፣ ሰው በሰማው አይወስንም አለች። የደሴ ብርድ ከኛ ብርድ ጋር ወንድማማች ስለሆነ ጋቢዬን ደርቤ ተኛሁ።

ቅዳሜ

ጠዋት ፋጡማ በእጄ ትኩስ ዳቦ አስይዛኝ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። ከደሴ ኮምቦልቻ መንገዱ መውረድ ብቻ ነው። ሐረጎ ተራራ ላይ መኪናው ሲጠመዘዝ አንዴ ገደሉ በቀኝ ነው፣ አንዴ በግራ፤ ዓይኔን ጨፍኜ የማውቀውን የቁርኣን አንቀጽ ሁሉ ቀራሁ። ከፊቴ የተቀመጠ ጎረምሳ መስኮቱን ከፈተው። ወዲያው ሰዉ ሁሉ ዝጋው ዝጋው አለ። ነፋስ ያስመታል፣ ሕፃን ይዘናል፣ ላብ ላይ ነን፤ እኔም ከጮኹት አንዷ ነበርሁ። ልጁ ሙቀት ገደለን እኮ ቢልም ማንም አልሰማውም። ዘጋው። ከዚያ ወደ ኔ ዞሮ ጋቢዬን አየና፣ "እናቴ፣ ኮምቦልቻ ጋቢ ይዘው ሲሄዱ ሰው ምን ይላል?" አለኝ። መኪናው ሙሉ ሳቀ። ከኋላ ያለ አንድ ሰውዬ ደግሞ፣ ተዋት፣ ለጥላ ትዘረጋዋለች አለ።

የቦርከናን ወንዝ ስናገኝ እውነትም ሙቀቱ መጣ። ቅሉን ጭኔ ላይ አድርጌው ነበር፤ ቅቤው ቀልጦ በክዳኑ ዙሪያ ወጥቶ ጋቢዬን ከጫፍ እስከ ወገቡ አራሰው። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ቀሚሷ ላይ ሳይደርስ አይታ በወረቀት ደገፈችልኝ። በኛ አገር ቅቤ በዚያ የብርድ ወር ጩቤ ካላስገቡበት አይቆረጥም።

ሰዓዳ መናኸሪያው በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ከስታ አገኘኋት። ስማኝ ስትጨርስ መጀመሪያ ያለችው፣ ቅቤ ቅቤ ትሸቻለሽ ነው። የምትኖረው በትልቅ ግቢ ውስጥ በተከራየችው አንድ ክፍል ነው። ምሳ እንደበላን ጋቢዬን በሳሙና አጥባ አሰጣችው፤ ወላሂ የዐሱር ሶላት ሳይደርስ ደረቀ። እኛ ዘንድ ጋቢ ታጥቦ እስኪደርቅ ሰው ሌላ ጋቢ ሊሸምን ይችላል።

ጋቢውን አብረን እያጠፍን ነው ሥራው ምን እንደሆነ የጠየቅኋት። ታጋሽ ናት፤ እንዲህ ብላ አስረዳችኝ። ፋብሪካው ውስጥ ሰርቨር የሚባሉ ሦስት ትልልቅ ኮምፒውተሮች አሉ። በየሆዳቸው ደግሞ ሌሎች ብዙ ኮምፒውተሮች አሉ፤ እነዚያ በእጅ አይዳሰሱም፣ ብረትም የላቸውም፣ ሥራቸው ግን የእውነት ነው። አንዱ ደመወዝ ያሰላል፣ አንዱ የመጋዘኑን ዕቃ ይቆጥራል፣ አንዱ ደግሞ ሠራተኛ ጣቱን ሲያስነካ ለይቶ በሩን ይከፍታል። ሁሉም ያላቸውን የሚያስቀምጡት ግን በአንድ የጋራ ማከማቻ ነው።

ሦስት ወንድማማቾች በአንድ ጎታ እንደሚበሉት ነዋ አልኋት። እንደሱ ነው አለች። ጎታው ሞልቶ ጢም ሊል ነው፤ እሑድ ፋብሪካው ሲያርፍ ከላይ ቀለበት ልትጨምርበት ነው። እህሉን ሳታወጣ፣ ወንድማማቾቹም ከሥር እየዘገኑ።

የእናቴ ጎታ ትዝ አለኝ። ልጅ ሆኜ እናቴ በሞላ ጎታ ላይ እርጥብ የጭቃ ቀለበት ጨምራ፣ ሥሩ ተሰንጥቆ ጤፉ ከአመድና ከጭቃ ጋር ተቀላቅሎ፣ በጋውን ሙሉ ስናበጥር ከርመናል። ለምን አውጥታችሁ አትጨምሩም አልኋት። ለዚያ ሁሉ ሌላ ማስቀመጫ እንደሌለ፣ ይህ ደግሞ ከእህል የሚለይበት ነገር እንዳለው ነገረችኝ። ግልባጭ አለው። ግልባጩን ለብቻ ሌላ ቦታ አስቀምጣለች፤ በዚያው ጠዋትም ከግልባጩ አንዱን መልሳ አስነሥታ መሥራቱን አይታለች። የፊተኛው ሰው ግልባጭ ሳይዝ ነው የገባው፤ መሐል ላይ መብራት ሲጠፋበት የሚመለስበት አልነበረውም።

እኔ ግን የሰማሁት መብራት ሲጠፋ ያለችውን ነው።

"ነገ በጠዋት አብረን እንሂድ" አልኋት። "አባትሽም ይዘሻት ነይ ብሎኛል።"

የጋቢውን ጠርዝ አስተካከለች።

"እማ፣ እኔ ብሄድ ማከማቻው መሙላቱን አይተውም። በዚህ ሳምንት ጢም ይላል፣ ያን ጊዜ ሁሉም ባሉበት ቀጥ ይላሉ። ሴቶቹ ጠዋት መጥተው ጣታቸውን ሲያስነኩ በሩ አያውቃቸውም።"

"ሌላ ሰው ይሥራዋ።"

"ሌላ ሰው የለም። ያለሁት እኔ ነኝ።"

"አትፈሪም?"

"እፈራለሁ። ፈርቼም እሠራዋለሁ።"

ይህን ያለችው ጮክ ብላ አይደለም። አባቷን መሰለችኝ። ብዙ ተነጋግረን መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ተስማማን፤ ነገ አብሬያት ልሄድ፣ ሥራው ካልሆነላት ሰኞ ያለ ምንም ክርክር ከኔ ጋር ኩታበር ልትገባ። እሺ አለች። እኔ በልቤ ሻንጣዋን መሸከፍ ጀመርሁ።

እሑድ

ፋብሪካው በር ላይ የጠበቁን አያ ደምሴ ይባላሉ፣ ዘበኛ ናቸው፣ የደላንታ ሰው። ከቤተ ክርስቲያን ነጠላቸውን እንደለበሱ ነው የመጡት። የሰዓዳ እናት መሆኔን ሲሰሙ ከኪሳቸው የቅዳሴ ዳቦ አውጥተው ግማሹን ሰጡኝ። እንግዳ ማስገባት ክልክል ስለሆነ ሰዓዳ ለአለቃዋ ደወለች፤ እሱም ሰርቨሮቹ ካሉበት ክፍል በር ሳታልፍ ትቀመጥ ብሎ ፈቀደ። አያ ደምሴ የራሳቸውን ወንበር አምጥተው በሩ አጠገብ አኖሩልኝ።

ክፍሉ እንዲህ ነው። በሩ መስታወት ነው። ውስጡ ረጃጅም ብረት ቁም ሣጥኖች ቆመው ትንንሽ መብራት ይርገበገብባቸዋል፤ ድምፃቸው የንብ ቀፎ ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ነጭ ሣጥን ሌሊትና ቀን ቀዝቃዛ ነፋስ ይተፋል። በሩ ሲከፈት የሚወጣው ብርድ የኛን የጥቅምት ንጋት ነው የሚመስለው። ውጭው የኮምቦልቻ ፀሐይ፣ ውስጡ ኩታበር። ልጄ በዚያ ውስጥ በስስ ቀሚስና በሻሽ ትገባለች።

ማከማቻው የሚሰፋባቸው አዲሶቹ ዲስኮች በካርቶን ነው የመጡት፤ አንዱ የቁርኣን ያህል ይወፍራል። ቢስሚላህ ብላ አንድ በአንድ ወደ መሳቢያቸው አስገባቻቸው። ሁሉም አረንጓዴ አበሩ። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ራሱ ነው የሚሠራው፣ ይቆያል አለችኝና አዲስ አበባ ካለ ዕቃውን ከሚያውቅ ሰው ጋር በስልክ ልትነጋገር በአዳራሹ ጫፍ ወዳለው ቢሮ ሄደች። እዚያና እዚህ ስትሮጥ ግንባሯን ላብ አርሶታል። በዚያ ላብ ተመልሳ ብርዱ ውስጥ ልትገባ ነው።

ለአያ ደምሴ ነገርኋቸው። እሳቸውም፣ እኔም ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ፣ ይህ ነፋስ ጎንሽን ይመታሻል ብያታለሁ፣ የዛሬ ልጅ አይሰማም አሉ። በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ የነጩ ሣጥን ሪሞት ተሰቅሏል።

"እስክትመለስ እንኳ ቢያርፍ ምናለበት" አልኋቸው።

"ምን አለበት" አሉና አጠፉት።

ነፋሱ ዝም አለ። ሁለታችንም ደስ አለን። ስለ ደላንታና ስለ ኩታበር ገብስ፣ የትኛው ለቆሎ እንደሚሻል ስንከራከር ቆየን። በኋላ ከውስጥ አንድ ነገር ጥጥ፣ ጥጥ፣ ጥጥ እያለ መጮህ ጀመረ። አያ ደምሴ ተነሡ፣ ተቀመጡ፣ ደግመው ተነሡ። ሰዓዳ ከዚያኛው ጫፍ ጫማዋን በእጇ ይዛ እየሮጠች መጣች።

"ማነው ያጠፋው?"

አያ ደምሴ መሬት መሬት አዩ።

"እኔ ነኝ" አልኋት። "ላብሽ ላይ ብርድ እንዳይመታሽ ብዬ ነው።"

ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ አልጮኸችም። አበራችውና የማሽኖቹን ጀርባ አንድ በአንድ በእጇ እየዳሰሰች ዞረች፤ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳሰስ። ጩኸቱ እስኪቆም ቆማ ጠበቀች፣ ኮምፒውተሩን አየች። ሥራው አልተቋረጠም ነበር። ከዚያ ወደ በሩ መጣች።

"እማ፣ ለኔ ብርዱ ሲጸናብኝ እደርባለሁ። እነሱ ግን ሲሞቃቸው የሚያወልቁት ልብስ የላቸውም።"

እኔም ከወንበሬ ተነሥቼ ጋቢዬን ትከሻዋ ላይ ጣልሁባት። አልመለሰችልኝም፤ ጫፉን ወገቧ ላይ ቋጠረችው። አያ ደምሴ፣ አሁን ፋብሪካው ባላገር ቀጠረ ሲሏት ፈገግ አለች። ቀጥላም፣ ሥራ ልስጥሽ አለችኝ። በሩ ላይ የክፍሉን ሙቀት በቁጥር የሚያሳይ ትንሽ ነገር አለ። ከሃያ አምስት ካለፈ ጥሪኝ አለች። ወንበሬን ወደ ቁጥሩ አዞርሁ። ከዚያ በኋላ ስለ ገብስ አላወራሁም።

መብራት የጠፋው እኩለ ቀን አልፎ ነው። አዳራሹ ጨለመ። ነጩ ሣጥን ዝም አለ። ማሽኖቹ ግን ባትሪ ስላላቸው ድምፃቸው አልተቋረጠም። ያ ሰውዬ፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ ሰይድ፣ ሁሉም በአንዴ መጣብኝ። ሰዓዳ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሣ፣ አያ ደምሴ፣ ጄኔሬተሩን አለች። እሳቸው በዚያ ዕድሜያቸው ሮጡ። ጄኔሬተሩ ከግቢው ጀርባ አቃሰተና ጠፋ። ደግሞ አቃሰተ፣ ጠፋ። ቁጥሩ ሃያ ሦስት አለ። ሃያ አራት አለ።

"ሃያ አምስት ገባ" አልኋት።

"በሩን ክፈቺው። ካርቶኑን ውሰጂና ሙቀቱን ወደ ውጭ አውጪው። ወደ ውጭ፣ እማ፣ ወደ ኔ አይደለም።"

የዲስኮቹን ካርቶን ቀድጄ፣ አውድማ ላይ ገለባ እንደምንነፋው፣ ከክፍሉ ወደ አዳራሹ አራገብሁ። ክንዴ ሲዝል እጄን ለወጥሁ። ያ ማራገብ ምን ያህል እንደረዳ እኔ አላውቅም፤ ሰዓዳም አልነገረችኝም። ቁጥሩ ሃያ ሰባት ላይ እያለ ጄኔሬተሩ ያዘ፤ ነጩ ሣጥንም እንደገና ተነፈሰ። አያ ደምሴ እጃቸው በዘይት ጠቁሮ ሲመለሱ ካርቶኑን በእጄ አይተው፣ ጄኔሬተሩን ያስቸገረችው ባትሪ ናት፣ የዛሬውን ውለታዎን ይንገሯት፣ ሰኞ በአዲስ ትለወጥ አሉ።

አለፈ ስንል ሌላ መጣ። ማከማቻው ሰፍቷል፤ ከዚያ ሦስቱ ሰርቨሮች ደግሞ መስፋቱን ማየት አለባቸው። ሁለቱ አዩት። ሦስተኛው አላየም። እንደገና እይ ብትለው፣ ደግማ ብትለው፣ ለሱ ጎታው የድሮው ጎታ ነው። አዲስ አበባ ያለው ሰው በስልክ፣ አጥፍተሽ አብሪው አላት። እሷ ግን አሁን አላጠፋውም፣ በውስጡ ያሉት ሥራ ላይ ናቸው አለችውና ስልኩን አስቀመጠችው። በሦስተኛው ውስጥ የነበሩትን በእጅ የማይዳሰሱ ኮምፒውተሮች አንድ በአንድ ወደ ሁለቱ አሸጋገረቻቸው፤ ሥራቸውን ሳያቋርጡ። እንቅልፍ የወሰደውን ሕፃን ከአንድ አልጋ ወደ ሌላው ስናዛውር የምናደርገው ነው። የመጨረሻው ሲሻገር ሦስተኛው ባዶውን ቀረ። ያን ጊዜ አጠፋችው።

መልሶ እስኪነሣ ጠበቅን። እኔ ከቁርኣን አየተል ኩርሲን ቀራሁ፤ አያ ደምሴ በራሳቸው መንገድ ሊጸልዩ ወደ ግድግዳው ዞሩ። በዚያች ሰዓት ሻንጣዋን መሸከፉ ከልቤ ጠፍቶ ነበር። የምለምነው ልጄ እንድትመጣልኝ አልነበረም፤ ያ ብረት ዓይኑን እንዲገልጥ ነበር። ይህን ለራሴ የተረዳሁት ኋላ ነው።

"አየው" አለች ሰዓዳ።

ሦስቱም ካዩት በኋላ ነው የጎታውን የመጨረሻ ቀለበት ደፍታ ሥራዋን የጨረሰችው። ከዚያ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ትንሽ ቆየች። ጋቢው ጀርባዋ ላይ ከፍ ዝቅ ሲል አየዋለሁ። ቀና ስትል፣ ያ ጭኮ የት ነው አለችኝ። ከአያ ደምሴ ጋር ሆነን እዚያው በሩ ላይ በላነው። ጾም አይደለምና እሳቸውም ጣታቸውን ላሱ።

ሰኞ

በጠዋት ከሷ ጋር ፋብሪካው በር ላይ ቆምሁ። እሷ ወደ ውስጥ ገባች፤ እኔን አያ ደምሴ ሠራተኞቹ የሚገቡበት ጋ አቆሙኝ። ሴቶቹ ተሰልፈው መጡ፤ አብዛኞቹ የሰዓዳ እኩዮች፣ ከየገጠሩ የመጡ፣ ሻሽ ያሰሩም ማተብ ያሰሩም። ጣት የሚያስነኩበት ትንሽ ሣጥን በሩ ላይ አለ። የመጀመሪያዋ ልጅ አስነካች፤ ቀይ አበራ። ደግማ አስነካች፤ ቀይ። አያ ደምሴ ግን ሳይደነግጡ፣ አንቺ ልጅ ያን ቫዝሊን ሳትጠርጊ አትምጪ ስልሽ አሏት። ጣቷን በቀሚሷ ጠረገች፣ አስነካች፣ አረንጓዴ አበራ፣ በሩ ተከፈተ። ተከትለዋት አንድ በአንድ ገቡ። አንዳቸውም ትናንት ምን እንደነበረ አያውቁም፤ የሚያወሩት ስለ ቁርስ ነው። የመጨረሻዋ እስክትገባ ቆሜ አየሁ።

ሰዓዳ መናኸሪያ ድረስ ልትሸኘኝ ፈቃድ ጠይቃ ወጣች። ጋቢዬን አጥፋ በክንዷ ይዛዋለች። አባቴን ምን ትይዋለሽ አለችኝ። ያየሁትን እለዋለሁ አልኋት። ጋቢውን ስትዘረጋልኝ መልሼ ክንዷ ላይ አደረግሁት። እማ፣ እዚያ ብርድ ነው፣ በምን ትሄጃለሽ አለች። እዚህ የሚሠራበት ሰው አለ አልኋት። እንባዬ ሳይመጣ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

ሐረጎን ስንወጣ አንዱ መስኮት ከፈተ፣ ሰዉም ዝጋው አለው። እኔ ዝም አልሁ። ደሴ ስደርስ ሰዓቱ ስለገፋ ፋጡማ ዘንድ ሳልገባ የኩታበሩን መኪና ያዝሁ፤ በዚህ እስካሁን ተቀይማኛለች፣ በሚቀጥለው ገበያ እክሳታለሁ። ቀዝቃዛው አየር ከጦሳ ሲወርድ ነው ጋቢዬን በደንብ ያስታወስሁት። ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ ኩታበር ወረድሁ።

ሰይድ መንገዱ ዳር ቆሞ ነበር። ከመኪናው የሚወርደውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ አይቶ፣ በኋላ እኔን አየ።

"ልጅቱስ?" አለኝ።

"ሥራ ላይ ናት።"

ባዶውን ቅል ከእጄ ተቀበለኝ። ዳገቱን ጥቂት እንደወጣን ዞር ብሎ ትከሻዬን አየ።

"ጋቢሽስ?"

"እሱም ሥራ ያዘ" አልሁት።